አፍንጫ ያለው ፍቅር

ፍቅር ዕውር ነው ሲባል ሰምቻለሁ። አፍንጫ የለውም ያለ ሰው ግን እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም።

ይህን የምለው ሮሺንን ስለማውቃት ነው። ሮሺን ከአየርላንድ መጥታ እኔ እንግሊዝኛ በማስተምርበት፣ ቻይና ውስጥ ሮንግጂያንግ በምትባል ከተማ ባለ የግል ትምህርት ቤት ስትቀጠር፣ በከተማው ካለነው ጥቂት ፈረንጆች ሁሉ አፍንጫዋ የማይምር፣ ሆዷም በሆነ ባልሆነው የሚገላበጥ እሷ ነበረች። እኔም ብሆን ጸጉሬ እዚሁ ሸብቶ ያልለመድኩት ነገር ሞልቷል። እሷ ግን ጭራሽ ለመልመድ አልተፈጠረችም።

ጠዋት ከቤት ስትወጣ የሰፈሩ ሽማግሌዎች ጉሮሯቸውን ከሥር ከመሠረቱ ጠርገው አክታቸውን ጫማዋ አጠገብ እንትፍ ያደርጋሉ። ገበያ ስትገባ የረጋ የዳክዬ ደም በሳፋ ሆኖ ይንቀጠቀጥባታል፤ ወለሉ ላይ የሚፈሰው የዓሣ እጣቢ የሸራ ጫማዋን ዘልቆ ካልሲዋን ያረጥበዋል። የትምህርት ቤቱ መጸዳጃ ደግሞ በር የለውም። ቁጢጥ እንዳለች ተማሪዎቿ በተርታ ይገቡና «እንደምን አደሩ መምህርት!» ይሏታል። እሷም ፊቷ ቲማቲም መስሎ «እንደምን አደራችሁ» ትላለች። ሌላ ምን ትበል?

ማንበብ አለመቻሏ ራሱን የቻለ ጣጣ ነበር። አንድ ሰሞን የናና ቅጠል የተሳለበት ቱቦ ገዝታ ጥርሷን ስትቦርሽበት ከረመች። ምላሷ ሲደነዝዝባት ጊዜ አምጥታ አስነበበችኝ፤ ለካስ የእግር ጣት ፈንገስ የሚቀባ መድኃኒት ኖሯል። እኔ በሳቅ ስፈርስ እሷ መታጠቢያው ላይ ተደፍታ የአገሯን ቅዱሳን በየስማቸው እየጠራች ትተፋ ነበር።

እንግዲህ ክንዱን እስከ ብብቱ ላም ውስጥ ከሚከት ሰው ጋር ፍቅር የያዛት ይህቺው ሴት ናት።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው። የመታጠቢያ ቤቷ ወለል ላይ ያለው የፍሳሽ መውረጃ መጀመሪያ ጉርጉር አለ፤ ቀጥሎ ከላይ ካሉት ፎቆች ሁሉ የወረደውን ወደ ላይ ይተፋ ጀመር። ጥቁር ውሃ፣ የሰው ጸጉር፣ የዶሮ አጥንት፣ ስሙን የማልጠራው ሌላም ነገር። ግማቱ ዓይን ያቃጥል ነበር። ሮሺን በባዶ እግሯ ወደ ዘበኛው ሮጠች። ቻይንኛዋ ያን ጊዜ ከ«አመሰግናለሁ» እና ከ«ስንት ነው» አያልፍም፤ ስለዚህ አፏን ያዘች፣ ሆዷን አሸች፣ ወደ ቤቷ አመለከተች። ዘበኛው ከልቡ አዘነላትና አንድ ፔርሙዝ ሙቅ ውሃ አመጣላት። እዚህ አገር ለቁርጠትም፣ ለጉንፋንም፣ ለተሰበረ ልብም መድኃኒቱ ሙቅ ውሃ ነው።

ፔርሙዙን ታቅፋ ደረጃው ላይ ስታለቅስ ከላይኛው ፎቅ ነጠላ ጫማ ያደረገ ረዘም ያለ ሰው ወረደ። ሺ ዌንሊን ይባላል፤ የወረዳው የከብት ሐኪም ነው። እንግሊዝኛ ኮሌጅ ውስጥ ተምሯል፣ ግን ከላሞች በቀር የሚያናግረው ስላላገኘ ዝጓል።

«ምን ሆነሽ ነው?» አላት።

መናገር አቅቷት በሩን ከፈተችለት። ዌንሊን ገባ፣ አየ፣ እጅጌውን ጠቀለለ፣ ተንበረከከና ክንዱን እስከ ትከሻው ጥቁሩ ውሃ ውስጥ ከተተው።

«ጓንት! ኧረ ጓንት የለህም?» ጮኸች።

«ጓንት አድርጌ በምን ልዳብስ?» አላት ዓይኑን ጣሪያው ላይ ተክሎ። ጥቂት ቆየና የድመት ሬሳ የሚያክል የጸጉር ድብልብል እየጎተተ አወጣ። «ይኸው መጣ!» አለ፣ ጥጃ ያዋለደ ይመስል ደስ ብሎት።

ሮሺን የዚያን ቀን ምሳዋን በሙሉ ነጠላ ጫማው ላይ አስመለሰችው።

መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። እሱ መጀመሪያ እግሩን አየ፣ ቀጥሎ እሷን አየ። ከዚያ ሁሉ ግማት መሃል ረጋ ብለው የሚያዩ፣ የማይፈርዱ ዓይኖች ነበሩት።

«ላም ብትሆኚ መድኃኒትሽን አውቀው ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «ለሰው ግን እንጃ… ሙቅ ውሃ ጠጪ።»

ሮሺን እያለቀሰች ሳቀች። ስትስቅ አይቷት ቀረ፤ ያን ቀን ነው የጀመራቸው።

ከዚያ በኋላ ያየኋቸው ሁሌ አብረው ነው። ከሥራ ሲመለስ በረት በረት ስለሚል በር ላይ ታስቆመውና ጫማውንም ሸሚዙንም አስወልቃ ነው የምታስገባው። ገበታ ላይ ተቀምጦ በቀርከሃ መኮርኮሪያ ጆሮውን ይጠርግና ያወጣውን አተኩሮ ይመረምራል። ያን ጊዜ ፊቷን ወደ መስኮት ታዞራለች። ስትመለስ ግን ያው ዓይኖቹ ይጠብቋታል። መንገድ ላይ አክታ በሚተፉት ሽማግሌዎች በኩል ሁልጊዜ እሱ ነው የሚሄደው፤ አንድም ቀን አልነገራትም፣ ዝም ብሎ ቦታ ይቀይራል። እሷም አንድም ቀን አላመሰገነችውም፣ ዝም ብላ ክንዱን ትይዛለች። ወደደችው፣ በቃ።

አንድ ቀን ወንዙ ዳር ተቀምጠው ስለ እናቱ አጫወታት። አባቱ ሞቷል፣ ወንድምም እህትም የለውም። ከዓመታት በፊት ከጉይያንግ አንዲት ልጅ ይዞ መንደሩ ሄዶ ነበር። ልጅቷ የቀረበውን አይታ «ይህ የሰው ምግብ ነው?» ብላ ተነሥታ ሄደች፤ እሱም ያኔውኑ ተዋት። እናቱ ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ ገበያ አልወጣችም፣ ጎረቤት ፊት ማየት አፍራ።

«እናቴን የሚጸየፍ ሰው እኔን አይወደኝም» አላት። «ለዘመን መለወጫ እንሄዳለን። ከወደደችሽ እንጋባለን።»

«ካልወደደችኝስ?»

እሱ ወንዙን ያይ ነበር። የሮሺን ውል የትምህርት ዘመኑ ሲያልቅ ያልቃል፤ ካልተጋቡ ወደ አገሯ መመለሷ ነው። ሁለቱም ይህን ያውቁ ነበር።

የእናቱ ቤት በእንጨት ምሰሶ ላይ የቆመ ነው። ከወለሉ ሥር አሳማዎች ይኖራሉ፣ ሽታቸውም በሳንቃው ስንጥቅ ወደ ላይ ይወጣል። የዌንሊን እናት ቀጠን ያለች፣ ጨርቅ ከመንከር ብዛት እጇ እስከ አንጓዋ ሰማያዊ የሆነ ሴት ናት። ቻይንኛ ብዙ አትችልም፤ ቋንቋዋ ሌላ ነው። ሮሺንን ከእግር እስከ ራሷ አየቻትና እጇን ይዛ ምድጃው አጠገብ አስቀመጠቻት።

ድስቱ ተከፈተ።

ይህን ምግብ መቅመስ የሚችሉት ልባቸው የደነደነ ብቻ ናቸው እላለሁ። በሬው ሲታረድ ከጨጓራው ውስጥ ፈርሱ ይወጣል። ፈርሱ ተጨምቆ፣ ጭማቂው ከሐሞት ጋር ተንተክትኮ፣ ሥጋና በርበሬ ይገባበታል። መረቁ አረንጓዴ ነው፣ ሽታውም ምን እንደሚመስል ለመናገር ብዕሬ ይጸየፋል። ለዌንሊን ግን ከዚህ የሚበልጥ ምግብ ምድር ላይ የለም።

ሮሺንን ያሳደጓት ሁለት ነገር አስተምረው ነው። ሳህን ላይ ምግብ ማስተረፍ ነውር ነው፤ ደግሞ የማትወጂውን አስቀድመሽ ተገላገዪ። ስለዚህ ዓይኗን ጨፈነች፣ ትንፋሿን ያዘች፣ የቀረበላትን ጎድጓዳ ሳህን አንሥታ በአንድ ጊዜ ገለበጠችው።

እዚያ ቤት ደግሞ ባዶ ሳህን ማለት ለባለቤቲቱ ስድብ ነው፤ እንግዳውን አላጠገብሽም ማለት ነው። ሮሺን ጎድጓዳውን ከማስቀመጧ እናትየው ሞላችው። ሮሺን ለመገላገል አሁንም ጨለጠችው። እንደገና ተሞላ።

«ኧረ ኑ ተመልከቱ!» አለች አንዲት ጎረቤት በመስኮት። «ፈረንጇ የኛን ጎረምሶች አስከነዳቻቸው!»

መንደርተኛው ተሰበሰበ። ሮሺን ፈገግ ብላ ትውጣለች፣ እንባዋ ዱብ ዱብ ይላል፤ በርበሬው ነው አሉ። ዌንሊን ያን ዕለት እንዳያት ማንም ሰው አይቷት አያውቅም። ለዚያ አስተያየት ስትል ድስቱን ከነጥላሸቱ ትጨርሰው ነበር። ሲበቃት ወደ ቤቱ ጓሮ ወርዳ አሳማዎቹ አጠገብ ሁሉንም አወጣችው። አንዱ አሳማ ደስ ብሎት መጥቶ ላሰው። ያን ስታይ እንደገና አስመለሳት። ፊቷን ታጥባ ተመለሰችና እየሳቀች ተቀመጠች።

«ወደደችሽ» አላት ዌንሊን ሲመለሱ አውቶቡስ ውስጥ፣ እጇን ጭምቅ አድርጎ። «‹አፍንጫዋ ረጅም ነው፣ ሆዷ ግን የኛ ነው› አለች።»

ከዚያ በኋላ እናትየው በየገበያው ቀን በአውቶቡስ ሹፌር እጅ መረቅ በብልቃጥ ትልክ ጀመር። ዌንሊን ብልቃጡን ሲያይ ምራቁን ይውጣል፣ ግን አይነካም።

«ላንቺ ነው የላከችው» ይላታል። «እንደምትወጂው አይቼ ካፍሽ ልንጠቅ?»

ወጣ ሲል ጠብቃ ቆሻሻ ገንዳ ውስጥ ትጥለዋለች። ይህም አልሆነላትም። እማማ ሉ የሚባሉ፣ ገንዳ እየፈተሹ ጠርሙስና ካርቶን የሚለቅሙ አሮጊት ጎረቤት አሉ። ብልቃጡን ወልውለው በሯ ድረስ ይዘውላት መጡ።

«የኔ ልጅ፣ ይህን በስህተት ጥለሽዋል» አሏት። «ከፍቼ አሽትቼዋለሁ፣ ምንም አልተበላሸም!»

ከዚያ ወዲያ ሁሉንም መጸዳጃ ቤት ውስጥ ትደፋው ጀመር። እኔ ነገሩ አላማረኝም።

«ንገሪው» አልኳት።

«ምን ብዬ? ‹የእናትህ ምግብ በረት በረት ይላል› ልበለው? ያችኛዋን እንዴት እንደተዋት ታውቃለህ አይደል?»

«አሁን ብትነግሪው ይሻላል።»

«ከሠርጉ በኋላ እነግረዋለሁ። ካገባኝ በኋላ የት ይሄዳል?»

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። የሮሺን እውነት ግን የጠራው በፍሳሽ ቱቦ ነው።

ዌንሊን ለከብት ክትባት ገጠር በወጣበት ሳምንት ሹፌሩ በሙዝ ቅጠል የተጠቀለለ ሌላ ነገር አመጣላት። ብዙ ነገር እየተናገረ፣ እየሳቀ፣ አውራ ጣቱን እያሳያት ነበር፤ አንዱም አልገባት። ቤቷ ገብታ ስትፈታው ሽታው በጥፊ መታት። ጥቁር ቡናማ፣ የሚያጣብቅ፣ ከነዓይኑ የሚያፈጥ ዓሣ ነው። በአፏ እየተነፈሰች መጸዳጃው ውስጥ ወረወረችውና ሙቅ ውሃ ለቀቀችበት። አልወርድ አለ። በመጥረጊያ እንጨት ገፋችው። ወረደ፣ እዚያውም ተሰነቀረ።

በማግስቱ የሕንፃው ፍሳሽ በሙሉ ወደ ቤቷ ተመለሰ። ዌንሊን ደግሞ የዚያኑ ቀን ገባ። ሻንጣውን እንኳ ሳያስቀምጥ ተንበረከከ፣ ክንዱን ከተተ፣ ዳበሰ። ከዚያ ፊቱ ተለወጠ። ያወጣውን ነገር በሁለት እጁ ይዞ ዝም ብሎ አየው።

«ይህ የኔ ዓሣ ነው» አለ።

«የገበያ ዓሣ ነው፣ ተበላሽቶብኝ…»

«ተዪ ሮሺን። እናቴ በተወለድኩ ዓመት ከሩዝ ማሳችን ይዛ፣ በጨውና በሩዝ ገንቦ ውስጥ የቀበረችው ነው። ገንቦው የሚከፈተው ለሠርጌ ነው። መጀመሪያ የሚቀመሰው ለሙሽራዋ ይላካል።»

ጥቁሩ ውሃ እግራቸው መሃል ይንጣለላል። ሮሺን ግማቱን ማሽተት አቆመች፤ ያን ያህል ደነገጠች።

«መረቁስ?» አላት።

ዓይኗን ወደ መጸዳጃው መለሰች።

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

ዌንሊን ዓሣውን ሸሚዙ ውስጥ ጠቀለለው። ሳይጮህ ነው የተናገረው፣ እሱ ነው ይበልጥ ያሳመማት።

«እናቴ ቤት እየሳቅሽ ነው የዋጥሽው። እኔም አምኜሽ ነበር። ታዲያ ሌላስ ምን ስትውጪ ኖርሽ? ስስምሽ ዓይንሽን የምትጨፍኚውስ ለዚያ ነው?»

አይደለም ልትለው ፈለገች። በቻይንኛ ፈለገችው፣ አጣችው። በእንግሊዝኛ ጀመረችው፣ ለቅሶ ሆነባት። እሱ ዝምታዋን እንደ መልስ ቆጥሮ ወጣ። ከዚያ በኋላ ነጠላ ጫማው በበሯ ሲያልፍ ትሰማዋለች፤ አይቆምም።

ፈተና ተፈተነ፣ ትምህርት ሊዘጋ ሆነ፣ ሮሺን ሻንጣዋን ማዘጋጀት ጀመረች። ፊቷ ከስቶ፣ ያ ሁሉ የሚያንገሸግሻት ሽታ እንኳ ግድ ሳይሰጣት ትሄዳለች። በእውነት አሳዘነችኝ፣ ተናደድኩባትም።

«ሴትዮዋ ዘንድ ሂጂና በራስሽ አፍ ንገሪያት» አልኳት። «ልጁን እንደሆን አጥተሽዋል። የምትሳሺለት ነገር ቀርቶሻል?»

ሄደች። የዌንሊን እናት ጓሮ ተቀምጣ ጎመን ትቀነጥስ ነበር። ሮሺን ፊት ለፊቷ ቁጢጥ አለች። ያለችኝን ነው የምነግራችሁ። ዌንሊን ቻይንኛ ሲያወራ ይፈጥንባታል፣ አስተማሪዎቹም ይራቀቁባታል። እናትየው ግን እንደሷው ተሰባባሪ ቻይንኛ ነው ያላት፤ ቃል እየለቀሙ ሲነጋገሩ ሮሺን እዚህ አገር ከገባች ጀምሮ እንደዚያ ቀን ከሰው ጋር ተግባብታ አታውቅም።

«እማማ፣ እኔ መጥፎ ነኝ» አለች። «ዓሣው፣ መጸዳጃ ቤት። መረቁ፣ መጸዳጃ ቤት። ሁልጊዜ።»

እናትየው ጎመኑን አስቀመጠች።

«መጸዳጃ ቤት?»

«አዎ።»

«ዓሣ ትልቅ። ቱቦ ጠባብ። አንቺ ሞኝ ነሽ እንዴ? ለዳክዬ ነው እንጂ የሚጣለው!»

ሮሺን አፏን ከፍታ ቀረች። እናትየው ወደ ኩሬው አመለከተች። ዳክዬዎቹ መራመድ እስኪያቅታቸው ወፍረዋል።

«የኔን ድርሻ ሁሌ እነሱ ናቸው የሚበሉት» አለች እናትየው። «እኔ የዚህ መንደር ልጅ አይደለሁም። ከወንዙ በታች ነው የመጣሁት። እኛ ይህን አንበላም። ሙሽራ ሆኜ መጣሁ፣ ሰጡኝ። ጓሮ ሄጄ አስመለስኩ። አማቴ ከላይ አየችኝ። እስክትሞት በስሜ አልጠራችኝም።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ዓይን መጨፈን ተማርኩ። ቶሎ መዋጥ ተማርኩ። ባሌ ይወደዋል፣ ሠራሁ። ልጄ ይወደዋል፣ ሠራሁ። እኔ ጠልቼው አረጀሁ።»

«ዌንሊን ያውቃል?»

«ማን ይነግረዋል?»

ሮሺን እጇን ያዘቻት። ሰማያዊው እጅ ሻካራና ሙቅ ነበር።

«ያን ቀን አንቺም ዓይንሽን ጨፈንሽ» አለች እናትየው። «አየሁ። ከአሳማዎቹ ጋርም አየሁሽ። ከዚያ ተመልሰሽ ገብተሽ ሳቅሽ። ‹ይቺ ልጄን ትወዳለች› አልኩ።»

«ታዲያ መረቁን ለምን ይልኩልኝ ነበር?»

«ለልጄ ነዋ! ይበላዋል ብዬ!»

«እሱ አይበላም ነበር እማማ። ለኔ ብሎ ይተወዋል።»

ሴትዮዋ ይህን እስክትረዳው ትንሽ ቆየች። ከዚያ ሳቅ አፈናት፣ ዓይኗን በመቀነቷ ጫፍ ጠረገች። የጠረገችው ግን የሳቅ እንባ ብቻ አልነበረም።

«ዓሣው ግን አሳዘነኝ» አለች በኋላ። «አየር እንዳይገባ የገንቦውን አፍ ዙሪያ ውሃ የምሞላለት እኔ ነኝ። በሞላሁ ቁጥር ይዘገንነኛል። ልጄን ግን እሱን እየሞላሁ ነው ያሳደግኩት። ወስደሽ ብትቀብሪው እንኳ ይሻል ነበር።»

«ይቅር ይበሉኝ እማማ።»

«እሺ። ገንቦው ውስጥ ሌላ አለ። አሁን ጎመን ቀንጥሺ።»

ልጇን በስልክ ጠራችው፤ በማግስቱ ምሳ ሰዓት ደረሰ። ሮሺንን ሲያይ በሩ ላይ ቆመ። እናቱ ቁጭ በል አለችውና የፈርሱን ድስት ብቻውን ፊቱ አቀረበችለት። ለራሷና ለሮሺን ነጭ ሩዝ፣ እንቁላልና ጎመን አወጣች።

«እናንተስ?» አለ።

«እኔ ይህን አልበላም» አለች እናቱ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመወለድህ በፊት ጀምሮ።»

ዌንሊን መብያ እንጨቶቹን አስቀመጠ። የመንደሩ ላም ምን በልታ እንደታመመች ዓይኗን አይቶ የሚያውቅ ሰው፣ ዕድሜውን ሙሉ አጠገቡ ተቀምጣ የምትዘገነንን እናቱን አላየም ነበር። ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

«ለምን አልነገርሽኝም እማዬ?»

«ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?»

ከሥር አሳማዎቹ ያንኮራፋሉ። ከዚያ ዌንሊን ወደ ሮሺን ዞረ፤ ድምፁ ተሰባብሮ ነበር።

«እኔንስ?» አላት። «ያልነገርሽኝ ምን አለ? ሁሉንም ንገሪኝ።»

ሮሺን ትንፋሿን ሳበች።

«ትገማለህ» አለችው። «ከሥራ ስትመጣ ትገማለህ። የጆሮህን ኩክ ገበታ ላይ ታያለህ። ስትታጠብ መስኮቱን ከፍተህ በአፍንጫህ ትናፈጣለህ፣ መንገደኛው ሁሉ ይሰማል። የእግርህን ጥፍር ሶፋዬ ላይ ትቆርጣለህ፣ አንዱን ሻይዬ ውስጥ አግኝቼዋለሁ። ይህ ሁሉ ያስጠላኛል። ስትስመኝ ግን ዓይኔን የምጨፍነው ሌላ ነገር ማየት ስለማልፈልግ ነው።»

ዌንሊን እስከ ጆሮው ቀላ።

«አንቺ ደግሞ» አለ፣ «ንፍጥሽን ጨርቅ ውስጥ ተናፍጠሽ፣ አጣጥፈሽ፣ ኪስሽ ውስጥ ታስቀምጪዋለሽ! ምን ልታደርጊበት ነው? የመንገድ ጫማሽን አድርገሽ አልጋ ላይ ትወጫለሽ። ገንዳ ሞልተሽ በገዛ እድፍሽ ውስጥ ተቀምጠሽ ትዘፍኛለሽ። አንድም ቀን ነግሬሽ አላውቅም።»

«ለምን?»

«እንዳትሄጂብኝ።»

«ምን ይባባላሉ?» አለች እናቱ በቋንቋዋ። ሲነግራት ሩዙ ትን እስኪላት ሳቀች። «ንፍጧን ኪሷ ውስጥ? ኧረ ጉድ!»

ዌንሊን ጎድጓዳውን አንሥቶ ተነሣ። ሽታው እንዳይረብሻቸው ወደ ሰገነቱ ወጣና ጀርባውን ሰጥቶ ብቻውን ተቀመጠ። እናትየው ሮሺንን አየቻት። ሮሺን ሩዟን ተወችና ተከትላው ወጣች። አፍንጫዋን በሁለት ጣቷ ጭምቅ አድርጋ ይዛ አጠገቡ ተቀመጠች፣ ትከሻዋን ትከሻው ላይ አስደግፋ።

«ይገማል» አለችው።

«አውቃለሁ። ግቢ፣ ጨርሼ እመጣለሁ።»

«አልገባም። ብላ።»

ጥቂት በላ። ቀና ብሎ አያት። አፍንጫዋን እንደያዘች፣ ዓይኗን ግን ከሱ ላይ አላነሣችም።

«ሠርጋችን ላይ ይህ ነገር ይቀርባል?» አለችው በአፍንጫዋ።

«ሳይቀርብማ መንደሩ አያጋባንም።»

«እንግዲያው ሙሽራዋ ቀኑን ሙሉ እንዲህ ሆና ትቀመጣለች። አሁኑኑ ንገራቸው።»

ዌንሊን መረቁ እስኪፈስበት ሳቀ፤ ከዚያም ጎድጓዳውን አስቀምጦ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ለመንደሩ ነገረ።